ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም

በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች፣ ካፌዎችና የልብስ መደብሮች ግድግዳ ላይ የሒሳብ ቁጥር በዝቷል። የንግድ ባንክ፣ የቴሌብር፣ የአዋሽ፣ የአቢሲኒያ፣ የዳሸን፤ አንድ ትንሽ ሱቅ አራት አምስት ቁጥር ደርድሮ ይለጥፋል። ከቁጥሮቹ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፦ ብሩ መግባቱ ሳይረጋገጥ ዕቃ አይወጣም፣ ስክሪንሾት አንቀበልም። ይህን የጻፈው ባለሱቅ ደንበኛ ጠልቶ አይደለም። ወይ ራሱ ተበልቷል፣ ወይ ጎረቤቱ ሲበላ አይቷል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ማሳሰቢያ ነው። ክርክሬ አጭር ነው። አገሪቱ ጥሬ ገንዘብ እንድንተው ስትገፋን፣ ማጭበርበር ሲፈጠር ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም በግልጽ የወሰነ የለም። ባለቤት ያልተወሰነለት ኪሳራ ደግሞ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከባንኩ ወደ ባለሱቁ፣ ከባለሱቁ ወደ አስተናጋጁ። በመጨረሻም የማያውቀው ሰው የበላውን ክትፎ ከደመወዙ የሚከፍለው፣ ሳህኑን ያቀረበው ልጅ ይሆናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። የዲጂታል ክፍያ ጠላት አይደለሁም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲገባ፣ ብዙ ሰው በእውነት እፎይ ብሏል። ዝርዝር ብር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ቀንሷል። ገጠር ላለች እናት ብር ለመላክ ባንክ ቤት መሰለፍ ቀርቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲወሰን፣ እንወቅበት አንወቅበት ሁላችንም ገባንበት። ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ አያስፈልግምም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በየሱቁ የምናደርገው አብዛኛው ነገር ክፍያ አይደለም፤ ሐዋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሌባው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ትክክለኛ የንግድ ክፍያ ሲሆን ሻጩ በራሱ መሣሪያ ላይ ይህን ያህል ብር እጠብቃለሁ ይላል፣ ገዢው ይፈቅዳል፣ ገብቷል የሚለው መልስ ለሻጩ ይደርሳል። ሐዋላ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር የሚካሄደው በገዢው ስልክ ውስጥ ነው። ቁጥሩን የሚጽፈው ገዢው፣ መጠኑን የሚጽፈው ገዢው፣ ተሳክቷል የሚለውን ገጽ የሚያሳየውም ገዢው። ሻጩ ከተቃራኒ ወገን ስልክ ላይ የሚያየውን ምስል አምኖ ዕቃውን ይሰጣል። በጥሬ ገንዘብ ዘመን ብሩን ሻጩ በእጁ ዳብሶ፣ ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ያየው ነበር። አሁን ዳብሶ የሚያየው ነገር የለውም።

ማጭበርበሩ ታዲያ የረቀቀ የሐከር ሥራ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የተቀባባ ስክሪንሾት ነው። የትናንቱን ደረሰኝ ቀኑን ወይም መጠኑን ቀይሮ ማሳየት። ይህን ለመሥራት አንድ የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያና አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ ከፍ ሲልም የባንክ መተግበሪያ የሚመስል፣ የፈለጉትን ስምና መጠን ሲጽፉበት ተሳክቷል የሚል ገጽ የሚያወጣ ሐሰተኛ መተግበሪያ አለ።

ሁለተኛው ሐሰተኛ አጭር መልእክት ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል። አጭበርባሪው ግን ቃሉን ገልብጦ ከተራ የሞባይል ቁጥር ይልከዋል። ግር ግር ባለበት ሰዓት ላኪውን ማን ያያል? ብሩን ብቻ ነው የምናየው። የዚህ ታናሽ ወንድም «በስህተት ልኬልህ ነው፣ መልስልኝ» የሚለው ነው። የገባ ብር የለም። እርስዎ የሚመልሱት ግን እውነተኛ ብር ነው።

ሦስተኛው የኪውአር ኮድ መቀየር ነው። ጠረጴዛ ላይ በተለጠፈው ኮድ ላይ ሌላ ኮድ ይለጠፍበታል። እዚህ ላይ ገዢውም ሻጩም ንጹሕ ናቸው። ገዢው ከፍሏል፣ ለሻጩ ግን አልደረሰውም። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሌባው ቤቱ ተቀምጧል።

አራተኛው ማጭበርበር እንኳ አይደለም፣ ግን እኩል ጠብ ያስነሳል። ገዢው በእውነት ልኳል፣ ከሒሳቡም ተቆርጧል፣ ብሩ ግን ከአንድ ባንክ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገድ ላይ ቀርቷል። ወይም ብሩ ገብቶ መልእክቱ ዘግይቷል። ሻጩ አልገባም ይላል፣ ገዢው ተቆርጧል ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ታማኙ ደንበኛ እንደ ሌባ ታይቶ በር ላይ ይያዛል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

እነዚህን አራቱንም የሚያግዝ አንድ ረዳት አለ፦ ይሉኝታ። የእኛ ሰው ጥሩ ልብስ ለብሶ፣ አምስት ሰው ይዞ የመጣን እንግዳ «ጋሼ፣ እስኪገባ ትንሽ ይጠብቁ» ለማለት ያፍራል። እንግዳውም ስልኩን አንስቶ እያሳየ፣ ቀና ብሎ፣ «አላመንከኝም እንዴ?» ካለ ነገሩ አለቀ። አጭበርባሪው የሚያውቀው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ይህን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። ሒሳቡ የተከፈተው በባለቤቱ ስም ነው። መልእክቱ የሚደርሰው በባለቤቱ ስልክ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ቤቱ ነው፣ ወይም ሌላ ሥራ ላይ ነው። በቦታው ያለው አስተናጋጅ የሒሳቡን ገቢ የሚያይበት ምንም መንገድ የለውም። የሚችለው የደንበኛውን ስክሪን በራሱ ስልክ ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ መላክ ብቻ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንድ ክፍያ ካልተገኘ፣ ፎቶውን ያነሳው ልጅ ይጠየቃል። እንዲያይ ያልተፈቀደለትን ሒሳብ ባለማየቱ ይቀጣል ማለት ነው።

ብዙ ባለቤቶች ይህን እንደ ተራ የቤት ሕግ ያዩታል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ላይ አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ ከጉርሻ በሚኖር አስተናጋጅ ላይ የአንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሒሳብ መጫን ከዚህ ድንጋጌ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚያስረዳኝ ባለቤት ቢኖር እሰማዋለሁ።

«ባንኩ ምን ያድርግ? ሻጩ ይጠንቀቅ እንጂ» የሚል ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ብር በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ወጣ። ባንኩ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ «መጠንቀቅ ነበረብኝ» አላለም። ግብይቶችን ተከታተለ፣ ሒሳቦችን ለየ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ሳይቀር አደባባይ አወጣ፣ አብዛኛውንም ብር አስመለሰ። ይህን በማድረጉ አልወቅሰውም። የምለው፣ መፈለግ ሲፈለግ የብር ዱካ ይገኛል ነው። የተበላው ባንክ ሲሆን ዱካው በቀናት ውስጥ ከተገኘ፣ የተበላችው የጉልት ነጋዴ ስትሆን «ወደ ፖሊስ ሂጂ» ብቻ መባሉ አይበቃም።

ፖሊስ ዘንድ የሚወስድ ሕግስ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን ለመጉዳት ወይም ያልተገባ ጥቅም ለማግኘት ሐሰተኛ የኮምፒውተር ዳታ መሥራትንም ሆነ በኮምፒውተር አማካኝነት ማጭበርበርን ወንጀል አድርጓል። ነገር ግን ለ800 ብር ምሳ ሱቅ ዘግቶ ጣቢያ የሚመላለስ ማን ነው? አንድ ቀን ሱቅ መዝጋት ከ800 ብር በላይ ያስከፍላል። ሌባውም ይህን ሒሳብ ሠርቶታል።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ሳያውቅ በካርዱ ለተፈጸመ ግዢ ከ50 ዶላር በላይ እንዳይጠየቅ ወሰነ። ባንኮቹ የቀረውን ወደ ነጋዴው የሚመልሱበት ሥርዓት ዘረጉ። ደንበኛው «ይህን አልገዛሁም» ወይም «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ለባንኩ ካመለከተ፣ ብሩ ከነጋዴው ሒሳብ ተመልሶ ይወሰዳል። ነጋዴው ደረሰኝ፣ ፊርማና የማስረከቢያ ማስረጃ አቅርቦ ይከራከራል። ሥርዓቱ ለነጋዴ ርኅራኄ የለውም። ዕቃውን ተቀብሎ አልደረሰኝም የሚል ደንበኛም ሞልቷል። በአሜሪካ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ይህን ራስ ምታት ያውቁታል። ግን አንድ በጎ ነገር አለው። የአቤቱታ ቅጽ አለ፣ የጊዜ ገደብ አለ፣ መልስ የሚሰጥ አካል አለ።

ከዚያ የሚበልጠው ትምህርት በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. የመጣው ነው። የካርድ ድርጅቶቹ በአሜሪካ ቺፕ ያላቸውን ካርዶች ለማስፋፋት ሲፈልጉ አዲስ ደንብ አወጡ፦ በተመሳሰለ ካርድ ኪሳራ ከደረሰ፣ የሚከፍለው ቺፕ ያላስገባው ወገን ነው። ባንኩ ቺፕ ያለው ካርድ ሰጥቶ ነጋዴው የቺፕ ማሽን ካልገዛ ነጋዴው፤ ባንኩ ቺፕ የሌለው ካርድ ሰጥቶ ከሆነ ባንኩ። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ኪሳራው መሆን ያለበት ሊከላከለው ይችል በነበረው ላይ ነው። ይህን መለኪያ ወደ እኛ ምግብ ቤት ያምጡት። የሐሰት ስክሪንሾትን መከላከል ይችል የነበረው ማን ነው? አስተናጋጁ? እሱ የመጨረሻው ሰው ነው።

በሐዋላም ቢሆን መልስ አለ። ብሪታንያ ከጥቅምት 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ተታልሎ በባንክ ወደ አጭበርባሪ ለላከው ብር ባንኮች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ ደንግጋለች። ወጪውን ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ተቀባዩ ባንክ የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሌባው ሒሳብ የተከፈተው እሱ ዘንድ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ህንድ ነው። እዚያም ሻይ ቤቱ፣ አትክልት ሻጩ ሁሉ በኪውአር ኮድ ይቀበላል፤ የሐሰት ስክሪንሾትም አብሮ መጣ። ያገኙት መፍትሔ ትንሽ የድምፅ ሣጥን ነው። ነጋዴው በአነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ ከክፍያ ድርጅቱ ይወስዳታል። ብር ሲገባ ይህን ያህል ገብቷል ብላ በአካባቢው ቋንቋ ጮክ ብላ ትናገራለች። ሻጩ ስልክ አይነካም፣ ሠራተኛው የባለቤቱን ሒሳብ ማየት አያስፈልገውም፣ ደንበኛው አልታመንኩም ብሎ አይቀየምም። ሣጥኗ ካልተናገረች አልገባም፣ አለቀ። ይሉኝታን ማሽን ተሸከመችለት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪመጣ ግን ሱቁ ነገ ጠዋት ይከፈታል። ስለዚህ ለነጋዴዎች የምላቸው ይህ ነው።

1. ከደንበኛው ስልክ ላይ ምንም ነገር አይመኑ። ማረጋገጫው መምጣት ያለበት ከራስዎ መተግበሪያ ነው። የንግድ ባንክ መልእክት ደረሰኙን የሚከፍት ሊንክ አለው፣ ጥሩ ነው፤ ግን የላከውን ቁጥርና የሊንኩን አድራሻ ይዩ። የተመሳሰለ ገጽ መሥራትም አይከብድም።

2. ለሱቁ የራሱ ስልክና የራሱ የነጋዴ ሒሳብ ይኑረው። የቴሌብር የነጋዴ ቁጥርና ኪውአር ኮድ በግል ቁጥር ከመቀበል ይሻላል። ስልኩ በሥራ ሰዓት ካሸሩ ጋር ይቀመጥ። ገቢን ማየት ብር ማውጣት ማለት አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን ሳይሰጡ መልእክቱን ማሳየት ይቻላል።

3. አምስት ስድስት የሒሳብ ቁጥር አይለጥፉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቁጥር የሚፈተሽ ተጨማሪ በር ነው። ሁለት ይበቃል።

4. የግብይት ቁጥሩን በደረሰኙ ጀርባ ይጻፉ። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ሲቀርብ የሚይዘው ይህ ነው።

5. ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ የኪውአር ኮዱን በራስዎ ስልክ ስካን አድርገው የማን ስም እንደሚወጣ ይዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

6. ብር ዘግይቶ ሲቀር ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ይወስኑ፣ ግድግዳ ላይም ይለጥፉ። ለምሳሌ ደንበኛው ስሙንና ስልኩን ትቶ ይሄዳል፣ ብሩ በሁለት ቀን ካልገባ ይከፍላል፣ ሁለት ጊዜ ከገባ ይመለስለታል። በር ላይ ከሚደረግ ግብግብ ይህ ይሻላል።

7. ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በካርድ የሚያስተናግዱ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች፣ ካርዱ በቺፕ ይነበብ እንጂ ቁጥሩ በእጅ አይጻፍ። ከካርዱ ጀርባ ያለውን የደኅንነት ቁጥር የትም አትመዝግቡ። የስረዛ ደንባችሁን እንግዳው ፈርሞበት ያዙት። ክርክሩ እንግዳው አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በብዙ የካርድ ክርክሮች ገደቡ እስከ 120 ቀን ነው። የፖስ ማሽኑን ወረቀት በሳምንቱ የጣለ ሰው በምን ይከራከራል?

8. ይህን ሁሉ ያላደረገ ባለቤት ከአስተናጋጁ ደመወዝ አይቁረጥ። ሕግ ስለከለከለው ብቻ አይደለም። ኪሳራው ከሠራተኛው እስከተከፈለ ድረስ ባለቤቱ ቀዳዳውን የሚደፍንበት ምክንያት ስለሌለው ነው።

ለብሔራዊ ባንክና ለክፍያ ድርጅቶች የምለው ሦስት ነገር ነው። ሥራ ላይ የዋለ የነጋዴ ሒሳብ ሁሉ ሠራተኛ ገቢን ብቻ የሚያይበት መግቢያ ይኑረው። በባንኮች መካከል መንገድ ላይ ለቀረ ብር ባንኩ በስንት ሰዓት መልስ መስጠት እንዳለበት በቁጥር ይወሰን፤ ገደቡም ቅርንጫፍ በር ላይ ይለጠፍ። ሐሰተኛ ደረሰኝ የቀረበለት ነጋዴ ጣቢያ ሳይመላለስ የሚያመለክትበት አንድ ቁጥር ይከፈት። የ800 ብሩ አቤቱታ ብቻውን ትንሽ ነው። አንድ ሰው በአሥር ምግብ ቤት ሲያደርገው ግን አሥሩን አቤቱታ አንድ ቦታ ያየ ሰው ያገኘዋል። አሁን አሥሩ ተበዳዮች አይተዋወቁም።

ደንበኛ ለሆንን ለሁላችንም የቀረች አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ካሸሩ «እስኪገባ ትንሽ ይጠብቁኝ» ሲል አንቀየም። የጠበቅናት ሁለት ደቂቃ የኛን ክብር አትነካም፤ የእሱን የወር ደመወዝ ግን ልታተርፍ ትችላለች።